ኩርባው ስለ ገጠመ መንስኤው ታወቀ ማለት ነውን?
የካንሰርን ዝግመተ ለውጥ በሒሳብና በኮምፒዩተር ለማጥናት በተደረጉ ሥራዎች ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

የካንሰር ዕጢ አንድ ወጥ የሆነ የሥጋ ክምር አይደለም፤ በየጊዜው የሚባዙ፥ የሚለወጡና ስለ ምግብና ስለ ቦታ እርስ በርሳቸው የሚሻሙ ሕዋሳት ስብስብ ነው። ይህን አስተያየት በተሟላ መልክ ያቀረቡት አሜሪካዊው ተመራማሪ ፒተር ኖዌል በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ ነበር። በእርሳቸው አገላለጽ ዕጢ ከአንድ ሕዋስ ይጀምራል፤ የዚያ ሕዋስ ዝርያዎች በተባዙ ቁጥር በዘረ መላቸው ላይ አዳዲስ ለውጦች ይደርሳሉ፤ ከእነዚህም መካከል ለመኖርና ለመባዛት የተሻለ ብቃት ያገኙት ሌሎቹን እየተጫኑ ይስፋፋሉ። ዳርዊን ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የገለጸው የተፈጥሮ ምርጫ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ፥ በጥቂት ዓመታት ጊዜ ይፈጸማል ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ከሕክምና አልፎ የሒሳብ ጉዳይ ሊሆን የቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ሕዋስ ሁለት፥ ሁለቱ አራት፥ አራቱ ስምንት እየሆኑ ቢሄዱ፥ ከ30 ዕጥፍታ በኋላ ቁጥራቸው ከ1,000,000,000 ጥቂት ይበልጣል። ይህም አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ዕጢ ነው፤ በሐኪም እጅ ወይም በራጅ ሊታወቅ የሚችለውም በዚህ መጠን አካባቢ ነው። ዐሥር ዕጥፍታ ብቻ ቢጨመርበት ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋል። እንግዲህ ዕጢው በታወቀበት ሰዓት አብዛኛው ታሪኩ ማንም ሳያየው አልፏል። ያላዩትን ካዩት ላይ ተነሥቶ መገመት ደግሞ የስሌት ሥራ ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዚህ መስክ ብዙ ሥራዎች ቀርበዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የካንሰርን ጠባይ በእርግጥ አስረድተዋል፤ ሌሎቹ ግን ከመረጃው በላይ ተናግረዋል፤ ወይም ከተናገሩት በላይ ተነግሮላቸዋል። የዚህ ሒስ ዓላማ ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል መመዘኛ መፈለግ ነው። ጥያቄው የሳይንስ ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በሰሌዳ ላይ ኩርባ የሚስል መምህርና ከኩርባ ተነሥቶ በጀት የሚመድብ ዕቅድ አውጪ ሁለቱም ከዚሁ ስሕተት ላይ ሊወድቁ ይችላሉ።

ሀ. የዕድሜ ኩርባና «ሰባቱ ደረጃዎች»

በ1954 ፒተር አርሚቴጅና ሪቻርድ ዶል የተባሉ እንግሊዛውያን የእንግሊዝና የዌልስን የሞት መዝገብ መርምረው የ17 ዓይነት ካንሰሮችን የሞት መጠን ከዕድሜ ጋር አነጻጸሩ። የሞቱን መጠን ሎጋሪዝም ከዕድሜው ሎጋሪዝም ጋር በሰንጠረዥ ወረቀት ላይ ሲያስቀምጡት፥ በብዙዎቹ ካንሰሮች ዘንድ ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ዋሉ፤ የመስመሩም ተዳፋት ስድስት ያህል ሆነ። የሞቱ መጠን ከዕድሜ ስድስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው። ዕድሜው ከ40 ወደ 80 በዕጥፍ ሲጨምር፥ መጠኑ 2 ስድስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ቁጥር፥ ማለትም 64 ጊዜ ይጨምራል።

የሁለቱ ሊቃውንት ማብራሪያ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ የማይከብድ ነው። ካንሰር እንዲነሣ ተከታታይ ለውጦች ያስፈልጋሉ ይባል፤ እያንዳንዱም ለውጥ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚደርስበት ዕድል በጣም ትንሽና የማይለዋወጥ ይሁን። አንድ ለውጥ እስከ ተወሰነ ዕድሜ ድረስ የመድረሱ ዕድል ከዕድሜው ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ የሁለት ለውጦች ከዕድሜው ካሬ ጋር፥ የስድስት ለውጦች ደግሞ ከስድስተኛው ርቢ ጋር። ሰባተኛውና የመጨረሻው ለውጥ በዚያው ዓመት ቢደርስ በሽታው ይነሣል። ተዳፋቱ ስድስት ከሆነ ደረጃዎቹ ሰባት ናቸው።

አስተያየቱ ውበት አለው፤ ስሌቱም እንከን የለበትም። ሆኖም አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። በ1951 ፊሸርና ሆሎመን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ስድስተኛ ርቢ ሰባት ደረጃዎችን ሳያነሡ አስረድተውት ነበር፤ እንደ እነርሱ ግምት በአንድ ቦታ ጎን ለጎን ያሉ ስድስት ወይም ሰባት ሕዋሳት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ለውጥ ቢደርስባቸው ተመሳሳይ ኩርባ ይወጣል። ከዚህም ይበልጥ የሚደንቀው ራሳቸው አርሚቴጅና ዶል በ1957 ያሳተሙት ሁለተኛ ጽሑፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰባት ሳይሆን ሁለት ደረጃዎች ብቻ እንደሚበቁ አሳዩ፤ የመጀመሪያው ለውጥ የደረሰበት ሕዋስ ሁለተኛው ሳይደርስበት በፊት በፍጥነት የሚባዛ ከሆነ፥ ኩርባው በመረጃው ላይ ያንኑ ያህል ይገጥማል።

አንድ ኩርባ፥ ሦስት ልዩ ልዩ ታሪኮች። እዚህ ላይ ሊወቀሱ የሚገባቸው አርሚቴጅና ዶል አይደሉም፤ የራሳቸውን ሐሳብ ተፎካካሪ ራሳቸው ማቅረባቸው ለሌሎች አርአያ የሚሆን ነው። የሚወቀሰው የኋላው አጠቃቀም ነው። «ሰባቱ ደረጃዎች» የሚለው ቃል የተመራማሪዎቹ ጥንቃቄ ተነጥሎለት፥ በዓይን እንደ ታየና በእጅ እንደ ተቆጠረ ነገር በየመማሪያው ሲደጋገም ኖሯል። የኩርባው መግጠም የሚያረጋግጠው መላምቱ ከመረጃው ጋር እንደማይጣላ ብቻ ነው፤ ሌላ መላምት አይገጥምም ማለት አይደለም።

ለ. በ48 ሕመምተኞች ላይ የቆመ ጠንካራ ማስረጃ

በ1971 አልፍሬድ ኑድሰን ያሳተሙት ጥናት ከዚህ በተለየ መንገድ የሄደ ነው። የተነሣውም በአንድ የሂዩስተን ሆስፒታል ከታከሙ 48 ሕመምተኞች መዝገብ ነበር። በሽታው ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነው። በአንዳንዶቹ ሕፃናት ሁለቱም ዓይኖች ይታመማሉ፤ በሌሎቹ አንዱ ብቻ።

ኑድሰን እንዲህ ሲሉ አሰቡ። ለበሽታው ሁለት ለውጦች ያስፈልጋሉ ይባል። አንዱን ከወላጁ ወርሶ የተወለደ ሕፃን የሚጎድለው አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሽታው ገና ያልታየባቸው ሕፃናት ቁጥር ሎጋሪዝም በዕድሜ ሲታይ በቀጥታ መስመር መውረድ አለበት። ምንም ያልወረሰ ሕፃን ግን ሁለቱም በአንድ ሕዋስ ላይ እስኪገጥሙ መጠበቅ ስላለበት፥ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ዘግየት ብሎ በኋላ የሚቆለቆል ኩርባ ይሆናል። መዝገቡ ሲመረመር ሁለት ዓይን የታመመባቸው በመጀመሪያው፥ አንድ ዓይን የታመመባቸው በሁለተኛው መንገድ ሄደው ተገኙ። ከዚህም ሌላ ለውጡን የወረሰ ሕፃን በአማካይ ሦስት ዕጢዎች እንደሚወጡበት ገመቱ። አማካዩ ሦስት ከሆነ ምንም ዕጢ የማይወጣባቸው 5 በመቶ ያህል መሆን እንዳለባቸው የፖይሶን ቀመር ይነግራል፤ ይህም ለውጡን ወርሰው ሳይታመሙ የሚቀሩ ጥቂት ሰዎች ለምን እንደሚገኙ ያስረዳል።

የአርሚቴጅና የዶል መረጃ የአንድ አገር ሕዝብ ሞት ነበር፤ የኑድሰን 48 ሰዎች። ታዲያ የኋለኛው ስለ ምን ይበልጥ አሳማኝ ሆነ? መልሱ በመረጃው ብዛት ላይ አይደለም። ኑድሰን ሁለት ቡድኖችን አጎራብተው፥ መላምታቸው ትክክል ከሆነ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ አስቀድመው ተናገሩ፤ ልዩነቱ ባይገኝ መላምቱ ይወድቅ ነበር። ከዚህም በላይ ሒሳቡ ሌሎች በቤተ ሙከራ ሊፈልጉት የሚችሉትን ነገር ጠቆመ፤ እርሱም ሁለቱም ቅጂዎች የሚበላሹበት አንድ ዘረ መል ነው። ይኸው ዘረ መል በ1986 ተለይቶ ወጣ። ጥሩ የሒሳብ አምሳያ ሊሸነፍ የሚችልበትን ቦታ ራሱ ያሳያል።

ሐ. «መጥፎ ዕድል» የተባለው

በጥር 2015 ክርስቲያን ቶማሴቲና በርት ቮግልስታይን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያወጡት ጽሑፍ ብዙ ክርክር አስነሣ። ሁለቱ በ31 የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ምንጭ ሕዋሳት በሰው ዕድሜ ስንት ጊዜ እንደሚከፈሉ ገምተው፥ ግምቱን በዚያው ክፍል ካንሰር ከሚይዝበት ዕድል ጋር አዛመዱት። የተዛምዶው መጠን 0.81 ሆነ። ይህ ቁጥር በራሱ ሲባዛ 0.65 ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ በክፍሎቹ መካከል ካለው የካንሰር ዕድል ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሕዋሳት መከፋፈል ብዛት ሊገለጽ ይችላል ተባለ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ሊመረመር ይገባዋል። በብዙ ጋዜጦች «ከሦስት ካንሰሮች ሁለቱ የመጥፎ ዕድል ውጤቶች ናቸው» ተብሎ ተጻፈ። በዚያው ወር የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን መደምደሚያ እንደማይቀበለው በይፋ አስታወቀ። ስሕተቱ የት እንዳለ ለማየት ከመደበኛው የስታትስቲክስ ትምህርት የራቀ ዕውቀት አያስፈልግም። ጥናቱ የገለጸው በአንጀትና በአጥንት፥ በጉበትና በአንጎል መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ወይም ሊከለከሉ የሚችሉትን ካንሰሮች ብዛት አይደለም።

ይህን በቀላል ስሌት ማረጋገጥ ይቻላል። በአንድ አገር የተበከለ አየር ወይም ሌላ ጎጂ ነገር ገብቶ በሰውነት ክፍሎች ሁሉ የካንሰርን ዕድል በ10 አበዛው እንበል። ዕድሉ በሎጋሪዝም ስለ ተለካ፥ ነጥቦቹ ሁሉ በእኩል መጠን ወደ ላይ ይነሣሉ፤ አቀማመጣቸው ግን አይለወጥም። የተዛምዶው መጠን ያው 0.81 ነው። በዚህ አገር ከዐሥር ካንሰሮች ዘጠኙ ሊወገዱ የሚችሉ ሆነው ሳለ፥ ቁጥሩ አንዳች አይናገርም። አንድ መለኪያ ነገሩ ሲኖርም ሳይኖርም ያው ከሆነ፥ ስለዚያ ነገር ሊመሰክር አይችልም።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ቃላቸው ከተባለው ጋር አንድ እንዳልሆነ በኋላ ገልጸዋል፤ በ2017ም መረጃውን ወደ 69 አገሮች አስፍተው ጥናቱን ደግመዋል። ይሁን እንጂ «ዕድል» የሚለውን ቃል ለሕዝብ ያቀረቡት እነርሱ ስለሆኑ ከኃላፊነቱ ፈጽመው ነጻ አይደሉም። በሒሳብ ዕድል ማለት የመከሰት መጠን ነው፤ በሕዝብ አነጋገር ግን ዕድል ማለት ዕጣ ፈንታ፥ ሰው ሊለውጠው የማይችል ነገር ነው።

የዚህ ልዩነት ዋጋ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከል ክትባት በ2018 ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር፥ ክትባቱ የተሰጠው በአብዛኛው በትምህርት ቤቶች አማካይነት ነበር። ወላጅ ጥያቄ ሲኖረው በቅርብ የሚያገኘው መምህሩን ነው። «ካንሰር የመጣበት ይመጣበታል» የሚል አባባል በሳይንስ ስም ከተሰማ፥ መምህሩ ልጅቱን ለማስከተብ የሚያቀርበው ምክንያት ሁሉ ይፈርሳል።

መ. በኮምፒዩተር የተነበበው ታሪክ

የዘረ መልን ጽሑፍ በብዛት ማንበብ ከተቻለ ወዲህ ጥናቱ ከሞት መዝገብ ወደ ዕጢው ውስጥ ገብቷል። በ2012 ማርኮ ገርሊንገርና ባልደረቦቻቸው የኩላሊት ካንሰር ከያዛቸው አራት ሰዎች ዕጢ ከልዩ ልዩ ቦታ ናሙና ወስደው መረመሩ። ከተገኙት ለውጦች ከ63 እስከ 69 በመቶ የሚሆኑት በሁሉም ናሙናዎች ውስጥ አልተገኙም። በኮምፒዩተርም የሕዋሳቱን የትውልድ ዛፍ አወጡ፤ ግንዱ ሁሉም የሚጋሩት ለውጥ፥ ቅርንጫፎቹ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ያገኘው ነው። የሕመምተኞቹ ቁጥር ጥቂት ቢሆንም፥ በአንድ ቦታ በተወሰደ ናሙና ስለ ዕጢው ሁሉ መፍረድ እንደማይገባ በሚገባ አስረድቷል።

በ2016 ዊልያምስ፥ ግሬምና ሶቶሪቫ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፈ። ዕጢው N ሕዋሳት ባሉት ጊዜ የደረሰ ለውጥ ከሕዋሳቱ 1/N በሚሆኑት ውስጥ ይገኛል፤ ሁሉም ሕዋሳት እኩል የሚባዙ ከሆነም ያ ድርሻ እንደዚያው ይኖራል። በየክፍፍሉ የሚጨመረው ለውጥ አማካይ ቁጥር ካልተለወጠ፥ የለውጦቹ ጠቅላላ ድምር ከድርሻው ተገላቢጦሽ ጋር በቀጥታ መስመር ማደግ አለበት። ይህ የተፈጥሮ ምርጫ በሌለበት የሚጠበቀው ነው። ተመራማሪዎቹ 904 ካንሰሮችን መርምረው 323ቱ ከዚህ መስመር ጋር እንደተስማሙ ገለጹ፤ በእነዚህ ውስጥ ዕጢው ካደገ በኋላ ምርጫ አልሠራም የሚል ትርጉምም ተሰጠው።

በ2018 ታራቢቺና ሌሎች በርካታ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ተቃውሞ በአመዛኙ ትክክል ነው። አንደኛ፥ መነሻውን መላምት ውድቅ ማድረግ አለመቻል መላምቱ እውነት ነው ከማለት የተለየ ነው። ሁለተኛ፥ በኮምፒዩተር ሆን ተብሎ ምርጫ እንዲኖርባቸው የተፈጠሩ ዕጢዎች በዚሁ ፈተና «ምርጫ የለባቸውም» ተብለው ሊያልፉ እንደሚችሉ ታየ። ሦስተኛ፥ እየተደመረ የሚሄድ ቁጥር በጠባዩ ስለሚለሰልስ፥ ከቀጥታ መስመር ጋር ያለው ተዛምዶ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው። በሌላ በኩል ሐሳቡ ፍሬ ቢስ ነው ማለት አይገባም። «ምርጫ ባይኖር ምን ይታይ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ማቅረቡ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ተመራማሪዎቹም በዚያው ዓመት ምርጫ ሲኖር ብርታቱን የሚለካ ዘዴ አቅርበዋል። ጉድለቱ የመለኪያ በትር ሆኖ ሊያገለግል የሚገባው ነገር እንደ ፍርድ መቀመጡ ነው።

ሠ. ከስሌት ወደ ሕክምና

ሒሳብ በሕክምና ላይ ምክር የሰጠበት ታዋቂ ምሳሌ የጎልዲና የኮልድማን የ1979 ሥራ ነው። ሉሪያና ዴልብሩክ በ1943 ስለ ባክቴሪያዎች ካረጋገጡት ተነሥተው፥ መድኃኒት የሚቋቋሙ የካንሰር ሕዋሳት ከመድኃኒቱ በፊት በአጋጣሚ ለውጥ እንደሚነሡ አሰሉ። ለውጡ ከ1,000,000 ክፍፍል በአንዱ የሚደርስ ከሆነ፥ 100,000 ሕዋሳት ባሉት ዕጢ ውስጥ አንድም የሚቋቋም ሕዋስ አለመኖሩ 90 በመቶ ያህል ዕድል አለው። ዕጢው 1,000,000 ሲሞላ ይህ ዕድል ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፤ 10,000,000 ሲሆን ግን ከ20,000 አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከሰባት ባነሰ ዕጥፍታ፥ ዕጢውም ገና በማይታይበት ጊዜ ነው። አንድ መድኃኒት ብቻውን አዘውትሮ ለምን እንደሚሸነፍ ከዚህ ይልቅ በአጭሩ ያስረዳ የለም።

ከዚሁ ተነሥተው መድኃኒቶቹ እየተፈራረቁ እንዲሰጡ መከሩ። በሚላኖ በቦናዶናና በባልደረቦቻቸው በጡት ካንሰር ላይ የተደረገው ሙከራ የዐሥር ዓመት ውጤት በ1995 ሲወጣ ግን፥ አንዱን መድኃኒት አስቀድሞ ጨርሶ ሌላውን ማስከተል ከማፈራረቅ በልጦ ተገኘ። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ምክሩ ግን ስሌቱ ባላስገባቸው ነገሮች፥ በመድኃኒቱ መጠንና በዕጢው የዕድገት ፍጥነት ላይ ተሰናከለ።

ዛሬም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። ሮበርት ጌተንቢ በ2009 ያቀረቡት ሐሳብ ዕጢውን ጨርሶ ለማጥፋት ከመሞከር ይልቅ፥ መድኃኒት የሚበግራቸውን ሕዋሳት በመጠኑ ማስቀረት ነው፤ እነርሱ የማይበገሩትን እየተሻሙ ያቀጭጯቸዋል። በ2017 በ11 የፕሮስቴት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ በሎትካና በቮልቴራ ቀመሮች እየተመራ የተደረገው ሙከራ፥ ከተለመደው መድኃኒት በግማሽ ያህል ብቻ በሽታውን ለረጅም ጊዜ መግታት እንደ ተቻለ አመለከተ። ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ሕመምተኞቹ ጥቂት ናቸው፤ ለማነጻጸሪያ የቀረቡትም በዕጣ ያልተመደቡ ነበሩ። የሚላኖው ትምህርት ሳይረሳ፥ ፍርዱ ለሰፊ ሙከራ መተው አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመረመሩት ሥራዎች በአንድነት ሲታዩ፥ የሚጠቅመውን የሒሳብ አምሳያ ከሚያሳስተው የሚለየው የቀመሩ ርቀት ወይም የኮምፒዩተሩ ኃይል አለመሆኑ ይታወቃል። ሦስት ጥያቄዎች በቂ መመዘኛ ይሆናሉ። አንደኛ፥ ይህንኑ ኩርባ የሚሰጥ ሌላ ታሪክ አለ ወይ? ሁለተኛ፥ መላምቱ ስሕተት ቢሆን ኖሮ በመረጃው ላይ ምን የተለየ ነገር ይታይ ነበር? ሦስተኛ፥ ቁጥሩ የተለካው በምን መካከል ነው፤ የሚነገረውስ ስለ ምን ነው? የኑድሰን ጥናት ሦስቱንም ያልፋል። «ሰባቱ ደረጃዎች» በመጀመሪያው፥ «ምርጫ የሌለባቸው» የተባሉት ዕጢዎች በሁለተኛው፥ «መጥፎ ዕድል» ደግሞ በሦስተኛው ይወድቃሉ።

ለመምህራን ይህ ሁሉ በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው። ሎጋሪዝም፥ ርቢ፥ ዕድልና ተዛምዶ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ሕዋስና የዘር ውርስ በባዮሎጂ። ሁለቱ መምህራን ተመካክረው የ30 ዕጥፍታን ስሌት ወይም ሁሉንም ነጥቦች በ10 የማባዛቱን መልመጃ በአንድ ሰንጠረዥ ወረቀት ላይ ቢያሠሩ፥ ተማሪው ቀመር ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በአንድ ጊዜ ይማራል። ለዚህ ከወረቀትና ከማስመሪያ በላይ የሚጠይቅ መሣሪያ የለም።

ዕቅድ አውጪዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። አርሚቴጅና ዶል ኩርባቸውን የሳሉት የእያንዳንዱ ሟች ዕድሜና የሞቱ ምክንያት በጥንቃቄ ተመዝግቦ ስለ ቆያቸው ነው፤ ኑድሰንም ያለ ሆስፒታሉ መዝገብ አንዳች ባልተናገሩ ነበር። በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ሥራ የጀመረው በ2011 ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ በየክፍለ ሀገሩ ሳይስፋፋና ሳይሟላ የሚገዛ ኮምፒዩተር የሌላውን አገር ኩርባ ደግሞ ከማውጣት አያልፍም። መዝገቡን የሚሞላው ጸሐፊ፥ ቁጥሩን የሚያነበው ሐኪምና ኩርባውን የሚጠይቀው ዜጋ ሦስቱም ከአንድ ትምህርት ቤት የሚወጡ ስለሆኑ፥ ሥራው የሚጀመረው ከክፍል ውስጥ ነው።